የእንጨት ተራራ፣ የሐረጎ ቁልቁለትና የልጆቻችን ኩሽኔታ



ባለፈው ዒድ አል-ፊጥር ማግስት ለዘመድ ጥየቃ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረድነው በአንድ ሚኒባስ ታጭቀን ነበር። ትልልቆቹ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ እንደጀመርን መኪናው በታጠፈ ቁጥር ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ጩኸታቸውንም ሳቅ ይከተለዋል። ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጡት አያታችን ግን ሙሰበሃቸውን እየቆጠሩ «ያ ረቢ፣ አንተው በሰላም አውርደን» ይላሉ።

በዚህ መካከል ግራ ክንዱ በጀሶ የታሰረው የ11 ዓመት ልጃችን «ይሄ እኮ ልክ እንደ ሮለር ኮስተር ነው!» አለ።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?» አሉ አያቱ።

«ከእንጨት የተሠራ ተራራ ነው እማማ። በቴሌቪዥን አይተነዋል። ሰዎች በባቡር ላዩ ላይ ይወጡና ቁልቁል ይለቀቃሉ።»

«ወደው?»

«ወደው ነው እንጂ! ከፍለው ነው የሚሳፈሩት።»

«አላህ ይጠብቀን! እኛማ ሐረጎ አለልን፤ በሚኒባስ ሒሳብ ነፍሳችን ተንጠልጥላ እንወርዳለን» ቢሉ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የነሱ እንጨት ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ሳይሰበር የኔ ኩሽኔታ ለምን ተሰበረ?» ሲል ጠየቀ።

መልስ የሰጠው አልነበረም። ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዒዱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ባለ ኩሽኔታ ጋሪ የሰፈራችንን አስፋልት ሲወርድ ከታች አንዲት ባጃጅ ብቅ አለችበት። እሷን ለማምለጥ ሲጠመዝዝ ፊተኛው ጣውላ ተገንጥሎ ልጁን ከነጋሪው ቦይ ውስጥ ጣለው። አልሐምዱሊላህ፣ ክንዱ ተሰብሮ ነፍሱ ተረፈች። የጋሪዋን ስብርባሪ እናቱ በዚያው ምሽት ምድጃ ውስጥ ጨመሩት።

የልጁ ጥያቄ ግን አልተቃጠለም። እኛም ከተመለስን በኋላ መልሱን ስንፈልግ የእንጨቱ ተራራ ታሪክ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ከሚመስለው በላይ ቅርብ ሆኖ አገኘነው። እነሆ ለእናንተም አቀረብነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበረዶ ተራራ እስከ ከሰል ፉርጎ

የሮለር ኮስተር ታሪክ የሚጀምረው ከቀዝቃዛይቱ ሩሲያ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ ሰዎች በክረምት ከእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠሩ ነበር። ከማማው ወደ መሬት የተዘረጋውን ጣውላ ውሃ ያፈሱበትና በረዶ ሲሆን በላዩ ይንሸራተታሉ። ውሎ አድሮ በበረዶው ፈንታ መንኮራኩር ያለው ጋሪ መጣ። በ1817 ደግሞ ጨዋታው ፓሪስ ደርሶ ጋሪዎቹ ከሐዲዳቸው እንዳይወጡ ተደርገው ተሠሩ። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች እስከ ዛሬ «የሩሲያ ተራሮች» እያሉ ይጠሩታል። የሚያስገርመው ሩሲያውያን ራሳቸው «የአሜሪካ ተራሮች» ማለታቸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ሳይሆን በሥራ ነው። በ1827 በፔንሲልቫኒያ ግዛት ማውክ ቻንክ በተባለ ቦታ የድንጋይ ከሰል ከተራራ ላይ ወደ ወንዝ ዳር የሚያወርድ ሐዲድ ተዘረጋ። ርዝመቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሰል የተጫኑት ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ፤ ባዶዎቹን ሽቅብ የሚጎትቱት በቅሎዎች ናቸው። በቅሎዎቹም ወደ ታች የሚወርዱት ለእነሱ በተዘጋጀ ፉርጎ ተሳፍረው ነው። እንደሚነገረው በቅሎዎቹ ይህን ከለመዱ በኋላ ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ ቢባሉ ንቅንቅ አይሉም ነበር። የወሎን ዳገትና ቁልቁለት በበቅሎ የሚያውቁ አዛውንቶቻችን ይህን ሲሰሙ በቅሎዎቹን እንጂ ሰዎቹን የሚያደንቁ አይመስለንም። ኋላ ይህ የከሰል መስመር ሰዎች ለመዝናናት የሚሳፈሩበት ሆነ።

ከዚያም ላማርከስ ቶምሰን የተባለ ሰው መጣ። ሀብት ያፈራው በካልሲ ሥራ ነበር። ሃይማኖተኛም ስለነበር ሕዝቡ ጊዜውንና ገንዘቡን በመጠጥ ቤትና በብልግና ቤት ሲያባክን ማየት ያንገበግበው እንደነበር ይነገራል። ሰዎችን ከዚያ የሚያወጣ ንጹሕ መዝናኛ ፈልጎ በ1884 ኒውዮርክ ውስጥ በኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ ከእንጨት የተሠራ የመንሸራተቻ ሐዲድ ከፈተ። ከፍታው 15 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ክፍያውም 5 ሳንቲም ነበር። ፍጥነቱ ከሚሮጥ ልጅ አይበልጥም፤ ሕዝቡ ግን ተሰልፎ ጠበቀው።

ሞተር የሌለው ባቡር

ሮለር ኮስተር ባቡር ይባል እንጂ በላዩ ሞተር የለም። በመጀመሪያው ዳገት ላይ ከሥር የሚሽከረከር ሰንሰለት ይይዘውና ጎትቶ ጫፍ ያደርሰዋል። ከዚያ ሰንሰለቱ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የሚነዳው ያ የወጣው ከፍታ ብቻ ነው። ከፍታው ፍጥነት ይሆናል፤ ፍጥነቱ ደግሞ በሚቀጥለው ጉብታ ላይ ተመልሶ ከፍታ ይሆናል። በየመንገዱ ግን ሰበቃውና ነፋሱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ጉብታ ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ባቡሩ የሚያወጣው ቀድሞ ያስቀመጠውን ነው፤ ብድር አያውቅም።

ተራ ባቡር ይህን ዓይነት ዳገት አይወጣም። ብረት በብረት ላይ ስለሚያንሸራትት የባቡር መሐንዲሶች ገር መሬት ይመርጣሉ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሐዲድ ተራራውን በዋሻና በድልድይ እያለፈ የሚሄደውና ሽቅብ ወደ ደሴ የማይወጣው ስለምን እንደሆነ ልጆች ቢጠይቁን አንዱ መልስ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ 1 ሜትር ከፍታ የወረደ ነገር በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር፣ 5 ሜትር የወረደ 36 ኪሎ ሜትር፣ 10 ሜትር የወረደ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያገኛል። ቀጭኑም ወፍራሙም ልጅ እኩል ናቸው፤ ስሌቱ ክብደት አይጠይቅም። በደቡብ ኮሪያ ኤቨርላንድ በተባለው መናፈሻ በ2008 የተከፈተው ቲ ኤክስፕረስ የተባለ የእንጨት ሮለር ኮስተር 56 ሜትር ከፍታ አለው። ያን ከፍታ ሙሉውን ቢወርድ በስሌቱ መሠረት 119 ኪሎ ሜትር በደረሰ ነበር። የሚደርሰው ግን 104 ነው። ልዩነቱ ቁልቁለቱ እስከ መሬት ድረስ ስለማይወርድና ሰበቃውና ነፋሱም ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ነው።

እንጨቱ ለምን አይሰበርም?

የልጃችን ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ምክንያት ክብደቱ በአንድ እንጨት ላይ የማይወድቅ መሆኑ ነው። ከሩቅ ሲታይ የእንጨት ሮለር ኮስተር አዲስ ፎቅ ሲሠራ ዙሪያውን ከምናየው የባሕር ዛፍ ርብራብ ጋር ይመሳሰላል። ቋሚው፣ አግዳሚውና ሰያፉ በሺዎች ተቆጥረው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አንዱ የተጫነበትን ለብዙዎቹ ያካፍላል። ሐዲዱ ራሱ በብዙ ንብርብር ከተጣበቀ ጣውላ ይሠራና በላዩ ቀጭን ብረት ይነጠፍበታል። የእንጨት የሚያሰኘውም ሐዲዱ ነው። በኮኒ አይላንድ በ1927 ተሠርቶ እስከ ዘመናችን ሰው ሲያሳፍር የኖረው ሳይክሎን ሐዲዱ የእንጨት ሲሆን ምሰሶዎቹ ግን ብረት ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት እንጨቱ እንዲወዛወዝ ተደርጎ መሠራቱ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ ጠቅላላው ነገር ይነቃነቃል፤ ተሳፋሪውም ይህን እያየ ይፈራል። ነገር ግን በመጠኑ የሚጎነበስ እንጨት ድንገተኛውን ግፊት እየተቀበለ ያሳልፋል።

ሦስተኛው ምክንያት መንኮራኩሩ ነው። ጉብታ ላይ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆዳችን ተንሳፎ ከወንበራችን ብድግ እንደምንል ሁሉ ባቡሩም ጉብታ ላይ ከሐዲዱ ሊነሳ ይፈልጋል። ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1919 የባለቤትነት ማረጋገጫ ባገኘበት የፈጠራ ሥራው ከሐዲዱ ሥር የሚይዝ መንኮራኩር አበጀለት። እንዲህ ሲሆን አንዱ ከላይ ይሽከረከራል፣ አንዱ ከጎን ይመራል፣ አንዱ ደግሞ ከሥር ሆኖ መነሳትን ይከለክላል። ሽቅብ ሲጎተት የሚሰማው የቀጭ ቀጭ ድምፅም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንደረደር ከሥሩ የሚይዙ ጥርሶች ናቸው። የከባድ መኪና ረዳት ዳገት ላይ ታኮ ይዞ ከጎማው ኋላ ኋላ የሚሮጠው ለዚሁ ነው።

አራተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን የሰው ዓይን ነው። በእነዚህ መናፈሻዎች በሩ ከመከፈቱ በፊት አናጢዎችና መካኒኮች ሐዲዱን እየተራመዱ ያዩታል። የላላ ብሎን ይጠብቃሉ፣ የበሰበሰ ጣውላ ይለውጣሉ፤ ከዚያም ባቡሩን ባዶውን ይለቁታል። በኮፐንሃገን ቲቮሊ በ1914 በተሠራው የእንጨት ሮለር ኮስተር ላይ በየባቡሩ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ አብሮ ይሳፈራል።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ወይም የሰው ምኞት ከእንጨቱ አቅም ሲያልፍ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኪንግስ አይላንድ በተባለው መናፈሻ በ1979 የተሠራው ቢስት የተባለ የእንጨት ሮለር ኮስተር 2,243 ሜትር ይረዝማል። በ2000 እዚያው መናፈሻ ውስጥ ከእሱ ይልቃል የተባለለት «የቢስት ልጅ» ተከፈተ። 66 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ተሳፋሪውን ዘቅዝቆ የሚያዞር ቀለበትም ተጨመረለት። በ2006 አንድ ምሰሶ ተሰንጥቆ 27 ሰዎች ተጎዱ። ቀለበቱ ተነሳ። በ2009 ተዘጋ፤ በ2012 ፈረሰ። አባትየው ግን ከእሱ በኋላም ሥራውን ቀጠለ።

ከመናፈሻው ወደ ሐረጎ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ይህ ማለት የኮሪያው እንጨት ተራራ አሥር ጊዜ ተደራርቦ ቢቆም የሐረጎን ያህል ነው። በዚያ ከፍታ የሚወርድ ነገር ምንም ባይይዘው ኖሮ ስሌቱ በሰዓት 390 ኪሎ ሜትር ይሰጠናል። የሚይዘው ፍሬንና ማርሽ ነው።

ከነጭነቱ 300 ኩንታል የሚመዝን ከባድ መኪና ያን ቁልቁለት ሲወርድ የሚያጠፋው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ከሁለት በርሜል ተኩል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ያንፈቀፍቃል። ይህ ሁሉ በፍሬኑ ሸራ ላይ ከተጫነ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። የጥንቶቹ የወሎ መስመር ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ፍሬኑም ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚሞክር ሹፌር በሰንሰለት ያልታሰረ፣ ከሥር መንኮራኩር የሌለው ሮለር ኮስተር እየነዳ ነው። ተሳፋሪም ሹፌሩን «ፍጠን» ሲል ምን እየጠየቀ እንደሆነ ይወቅ።

ኩሽኔታውስ?

ደሴ በጦሳ ግርጌ የተዘረጋች የዳገት ከተማ ናት። የደሴ ልጅ ኳስ ቢያመልጠው ሰፈር ተሻግሮ ነው የሚያገኛት። ገር ሜዳ በሌለበት ቁልቁለቱ ራሱ መጫወቻ መሆኑ አያስገርምም። ልጆቹ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ይለምናሉ፤ ሁለት ጣውላ፣ አንድ አግዳሚ፣ ጥቂት ምስማርና ለመሪ የሚሆን ገመድ ያገኛሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብልሃት አለ። ልናደንቀው ይገባል እንላለን።

ጉድለቱን ግን እንቁጠር። 50 ሜትር የሚረዝምና 5 ሜትር ዝቅ የሚል መንገድ በደሴ እንደ ቁልቁለትም አይቆጠርም። በዚያ ላይ የወረደ ጋሪ ከሰበቃው ተርፎ በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ፍሬኑ የልጁ ተረከዝ ነው። ጣውላው በምስማር ብቻ ተይዟል፤ ምስማር ደግሞ በንዝረት ይላላል። ወንበር የለውም፣ ቀበቶ የለውም፣ ከመውረዱ በፊት የሚፈትሸው ዓይን የለም። ከታች ደግሞ ባጃጅ፣ መኪና፣ አህያና ሰው የሚተላለፉበት መስቀለኛ መንገድ አለ። የልጃችን ጋሪ የተሰበረችው እንጨት ስለሆነች አይደለም። ብቻዋን ስለነበረች ነው።

መከልከል ወይስ መጠበቅ?

በቤታችን ሁለት ሐሳብ ተነሳ። እናቱ «ሁለተኛ እዚህ ቤት ኩሽኔታ እንዳይገባ» አሉ፤ የልጃቸውን ክንድ በጨርቅ ጠቅልለው ሐኪም ቤት ይዘው የሮጡ እናት እንዲህ ማለታቸው ተገቢ ነው። አያቱ ደግሞ «እኔ ልጅ ሳለሁ በቆዳ ላይ ተቀምጬ ነበር ገደሉን የምወርደው። ከለከላችሁት ማለት ተደብቆ ይወርዳል ማለት ነው» አሉ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ።

ሃይማኖታችን ጨዋታን አይጠላም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊድ ውስጥ በጦራቸው ሲጫወቱ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጠግባ እስክትተው ድረስ ከልለዋት ቆመው እንዳሳዩአት በሐዲስ ተዘግቧል። የዒድን ደስታ ለልጆች ማጥበብ ከሱንና አይደለም። በሌላ በኩል ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ማለት ላሰበው ሰው እሰራትና ተመካ ማለታቸውም ይታወቃል። ፍሬን የሌለው ጋሪ ያልታሰረ ግመል ነው።

ስለዚህ ቤተሰባችን ያደረገውን እንናገር፤ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል። በመጀመሪያ ከአባቶች አንዱ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ሌላ ጋሪ ሠራ። ምስማሩ በብሎን ተተካ፤ ሰያፍ ድጋፍ ተጨመረ፤ ከኋላ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ የታሰረበት በእጅ የሚሳብ ፍሬን ተደረገለት። ሁለተኛ፣ አስፋልት ላይ መውረድ ፈጽሞ ተከለከለ። በምትኩ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ መኪና በማይገባበት፣ ከታች ሽቅብ በሚያልቅ ሜዳ ላይ ትልቅ ሰው ባለበት ይወርዳሉ። ያ የመጨረሻው ሽቅብ ከየትኛውም ፍሬን ይበልጣል፤ ሮለር ኮስተሩም ፍጥነቱን የሚመልሰው በጉብታ ነው። ሦስተኛ፣ መነሻው ከትከሻ ከፍታ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ከፍታው አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ግማሽ ለማድረግም እንደዚሁ ወደ ሩብ መቀነስ ነው። አራተኛ፣ ከመውረዱ በፊት አንድ ልጅ ፈታሽ ሆኖ ብሎኑን በእጁ ይነካል፤ ተራው በየሳምንቱ ይዞራል።

ይህ ግን በአንድ ቤተሰብ ጓሮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የቀበሌ ሰዎች በየአካባቢው መኪና የማይገባበት አንዲት መሬት ለልጆች ቢለዩ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ድንጋይና አንድ አጥር ነው። ሁለቱ ከተሞች በ2021 ጦርነቱን አይተዋል። ያን የጭንቅ ጊዜ ያዩ ልጆች በሰላም የሚጮኹበት ቦታ ቢያገኙ ይገባቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም።

ጀሶው ከተፈታ አንድ ወር አልፏል። ባለፈው ጁሙዓ የፈታሽነቱ ተራ የልጃችን ነበር። አዲሱን ጋሪ አገላብጦ ካየ በኋላ «አንዱ ብሎን ላልቷል፣ ማንም አይወርድም» ብሎ ጓደኞቹን መለሳቸው። ልጆቹ አጉረመረሙ። ቁልፍ ለማምጣት እቤት ድረስ የሮጠው ራሱ ነው፤ ቁልፉን ከሳጥን አውጥተው የሰጡትም እናቱ ናቸው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ መንገደኞቻችንንም ሐረጎን በሰላም የሚወጡና የሚወርዱ ያድርጋቸው። አሚን።